የመጀመሪያው ሙሉ ልብስና የቀድሞው የመላጫ ስልት፦ ከየት ልጀምር?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ በየቀኑ ሙሉ ልብስ የሚለበስበት ሥራ ልጀምር ነው። እስካሁን ሙሉ ልብስ የምለብሰው ለድግስ ብቻ ስለነበር ያለኝ አንድ የሰፋኝ ኮት ነው። አሁን የምፈልገው ለዓመታት የሚያገለግል፣ ወቅት ሲለወጥ አብሮ የማያረጅ ልብስ ነው።

ሌላው ጉዳዬ ጢሜ ነው። ጸጉሬ ጥምዝምዝ ነው። ባለ አምስት ስለት መላጫ ስጠቀም ለሰዓታት ለስላሳ ይሆንና በማግስቱ አንገቴ በትናንሽ እባጮች ይሞላል። በላዩ ላይ የሸሚዝ ኮሌታ ሲቆለፍበት ደግሞ መከራ ነው። በአንድ ምላጭ፣ በብሩሽና በሳሙና መላጨት ይህን ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ስለ ልብሱ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቀለሙና ጨርቁ ምን ይሁን? የተሰፋ ልግዛ ወይስ ላሰፋ? ገንዘቤን ይበልጥ በልብሱ ላይ ላውለው ወይስ በጫማው?


ጠመኔና መቀስ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የጢሙን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ልብሱ ልንገርህ።

ሰው ኮት ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን፣ ቀጥሎ ከውስጥ የተለጠፈውን ስም ነው። አንተ መጀመሪያ ትከሻውን እይ። የትከሻው ስፌት የትከሻህ አጥንት በሚያበቃበት ቦታ ማብቃት አለበት። ካለፈ እጅጌው ከላይ ይጎደጉዳል። ካነሰ ክንድህ ጨርቁን ገፍቶ እብጠት ይሠራል። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል፣ ሱሪ ይሰፋል። ትከሻ ማስተካከል ግን እጅጌውን ነቅሎ፣ የውስጡን ደረት በትኖ ኮቱን እንደገና መሥራት ነው። ብዙ ጥሩ ሰፊዎች እምቢ የሚሉት ሥራ ነው፤ እኔም እምቢ ከሚሉት አንዱ ነኝ።

ከትከሻው ቀጥሎ ወደ ኮሌታው ሂድ። እጆችህን እንደ ልማድህ ጥለህ ቁምና ሰው ከኋላ እንዲያይልህ ጠይቅ። የኮቱ ኮሌታ የሸሚዙን ኮሌታ ዙሪያውን ነክቶ መቀመጥ አለበት። በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ኮቱ ለሌላ ሰው ጀርባ ተቆርጧል ማለት ነው። ከዚያ አንድ እጅህን አንሣ። የብብቱ መቁረጫ (እጅጌው የሚገጠምበት ክፍተት) ከፍ ያለ ኮት መጀመሪያ ስትለብሰው የጠበበ ይመስልሃል፤ እጅህን ስታነሣ ግን ኮቱ በቦታው ይቀራል። የብብቱ መቁረጫ ዝቅ ያለው ሲለበስ የተመቸ መስሎ እጅህን ባነሣህ ቁጥር ከነወገቡ ተጎትቶ ይነሣል። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል።

አሁን ሱሪውን ገልብጠው። በመቀመጫው መሐል የሚወርደውን ስፌት ተመልከት፤ ከስፌቱ ግራና ቀኝ ተርፎ የታጠፈ ጨርቅ ታገኛለህ። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ካለው ወገብህ ሲጨምር ሱሪውም አብሮህ ይጨምራል። ስፌቱ ጠርዝ ለጠርዝ ተቆርጦ ካለቀ ግን ያ ሱሪ የሚያገለግለው ለዛሬው ወገብህ ብቻ ነው። ጥሩ ሰፊ ሲቆርጥ ሰውየው እንደሚለወጥ አስቦ ነው የሚቆርጠው። ልብስን ለዓመታት እንዲኖር የሚያደርገው ይህ ነው፤ ሊፈታ፣ ሊሰፋና ሊጠገን መቻሉ።

የኮቱ ደረት ውስጥ ምን እንዳለም እወቅ። በላይኛው ጨርቅና በገበሩ መካከል ለደረቱ ቅርጽ የሚሰጥ ሌላ ንጣፍ አለ። በቀድሞው አሠራር ይህ ንጣፍ ከሱፍ፣ ከጥጥና ከፈረስ ጸጉር የተሸመነ ሸራ ሲሆን በላላ ስፌት ከጨርቁ ጋር ይያያዛል፤ ስትለብሰው ከሰውነትህ ጋር እየተላመደ ይሄዳል። በርካሹ አሠራር ደግሞ ንጣፉ በሙቀትና በሙጫ ይጣበቃል። ለመለየት ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ ዝቅ ብለህ የፊተኛውን ጨርቅ በአንድ እጅ፣ የኋለኛውን በሌላው ቆንጥጠህ ቀስ ብለህ አለያያቸው። በመካከላቸው በነፃነት የሚንሸራተት ሦስተኛ ንጣፍ ከዳሰስክ ሸራ ነው። የፊተኛው ጨርቅ ድርቅ ብሎ ንጣፉ ከጀርባው አልለቅ ካለ ሙጫ ነው።

ጨርቁ ንጹሕ ሱፍ ይሁን። በሜትር ከ260 እስከ 310 ግራም የሚመዝን ሱፍ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይለበሳል፣ ሲንጠለጠልም መጨማደዱ በራሱ ይወጣል። «ሱፐር 150» የሚለውን ጽሑፍ አይተህ አትቸኩል። ቁጥሩ የሚያሳየው የሱፉን ጸጉር ቅጥነት ነው፤ ሱፐር 100 እስከ 18.75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ሱፐር 150 እስከ 16.25 ማይክሮን የሆነ ሱፍ ነው። የቀጠነው ይለሰልሳል፣ ያምራልም፤ ግን ቶሎ ይሳሳል፣ ቶሎ ይጨማደዳል። በየቀኑ ለሚለበስ ልብስ ከ100 እስከ 120 ያለው ይበልጥብሃል።

ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ፣ መስመር የሌለው። ባለ ሁለት ቁልፍ ይሁን፤ የታችኛው አይቆለፍም። ትከሻህ ከተዘጋጀ ኮት ጋር ከገጠመ የተሰፋ ገዝተህ ሌላውን አስተካክል። አንዱ ትከሻህ ከሌላው ዝቅ ካለ ወይም ጀርባህ ጎበጥ ካለ አሰፋ።


ነጭ ሸሚዝ፦

ጋሼ ጠመኔ፣ ስለ ትከሻው የተናገሩት በሙሉ ልቤ ውስጥ ገብቷል። በሙጫው ላይ ግን እከራከርዎታለሁ። ጀማሪ ሰው ገንዘቡ ውስን ነው። በሸራ የተሠራ ግን ትከሻው የማይገጥም ኮት ከሚገዛ፣ በሙጫ የተሠራ ሆኖ በልኩ የተቀመጠለትን ቢለብስ ይሻለዋል። የዛሬው ሙጫም የድሮው አይደለም። በክብካቤ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። እኔ ትርፍ ገንዘብ ካለው የምመክረው ሌላ ነገር ነው፦ ከአንድ ኮት ጋር ሁለት ሱሪ ይግዛ። ሱሪ ከኮት ቀድሞ ያልቃል፣ በተለይ በጭኖቹ መካከል። ሱሪው አልቆ ኮቱ ብቻውን ሲቀር አንድ ዓይነት ጨርቅ ማግኘት አይቻልም።


ጠመኔና መቀስ፦

በሁለቱ ሱሪ እስማማለሁ፤ እኔው ራሴ መናገር የነበረብኝ ምክር ነው። ስለ ሙጫው ግን እንደ ጥገና ሠራተኛ ልናገር። ኮቱ በኬሚካል ሲታጠብና በካውያ ሲመታ ሙጫው በየቦታው ይለቃል፤ ያኔ ደረቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ የሚመስሉ እብጠቶች ይወጣሉ። ይህን ይዞልኝ ለመጣ ሰው የማደርግለት ነገር የለም። ሸራ ቢላላ በመርፌ ይያዛል፤ የለቀቀ ሙጫ ግን ተመልሶ አይስተካከልም። መካከለኛው መንገድ ከትከሻ እስከ ደረት ሸራ፣ ከዚያ በታች ሙጫ የሆነው ኮት ነው። ዋጋውም መካከለኛ ነው። ለማለዳ እሱን እመርጥለታለሁ። ግን አንተ እንዳልከው ትከሻው ካልገጠመ ሸራውም አያድነውም።


ባለ አንድ ስለት፦

የጢሙን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።

ማለዳ፣ መጀመሪያ እባጩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ሲያልፍ የፊተኛው ስለት ጸጉሩን ይዞ ይስበዋል፤ ተከታዩ ጸጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍ ተመልሶ ሲገባ ከቆዳው ወለል በታች ይቀራል። ለስላሳነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀጥ ያለ ጸጉር ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ችግር አያገኘውም። ጥምዝምዝ ጸጉር ግን ሲያድግ ይታጠፍና ከመውጣቱ በፊት የቆዳውን ግድግዳ ይወጋል፤ ወይም ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ሰውነት ደግሞ የራሱን ጸጉር እንደ ባዕድ እሾኽ ይዋጋዋል። አንድ ስለት ብቻ ያለው መላጫ ጸጉሩን በቆዳው ወለል ልክ ይቆርጠዋል። ትንሽ ሻካራነት ይተዋል፤ የሚጠቅምህም እሱ ነው።

መሣሪያው ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የካምፕፌ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 አሜሪካ ውስጥ ስለቱ መከላከያ ያለው መላጫ አውጥተው ነበር፤ ስለቱ ግን እንደ ድሮው መሳል ነበረበት። ኪንግ ካምፕ ጂሌት ቀጭን፣ በሁለት በኩል የተሳለና ሲዶለዱም የሚጣል ምላጭ አሰበ። ከባዱ ነገር ያን ያህል የሳሳ ብረት ሳይጣመም ማጠንከሩ ነበር፤ ይህን የፈታው ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሽያጭ ሲጀመር የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ምላጮች ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት የመላጫዎቹ ቁጥር ከ90 ሺህ በላይ ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል አደለ፤ እነሱም ልማዱን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ዛሬ የሚሸጠው ባለ ሁለት ጠርዝ መላጫ በመሠረቱ ያው ነው። እጀታው ከብረት ስለሆነ አንዴ ከገዛኸው የምትቀይረው ምላጩን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጢምህ ሁለት ቀን ሲያድግ ጣትህን በፊትህ ላይ በየአቅጣጫው አሂደው። የሚለሰልስበት የጸጉሩ መንገድ ነው፤ የሚቆረፍድበት ተቃራኒው ነው። አንገት ላይ መንገዱ በየቦታው ይለያያል፤ ከጉሮሮ ጎን ወደ ጆሮ አግድም የሚሄድ ብዙ ነው። ይህን ካላወቅህ የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ገላህን ከታጠብክ በኋላ ተላጭ፤ ወይም ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ፊትህ ላይ አኑር። ውሃ የጠጣ ጸጉር ከደረቁ በጣም ባነሰ ጉልበት ይቆረጣል። ብሩሹን በሞቀ ውሃ ነክረህ አራግፈው፣ ሳሙናው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሽከርክረው፤ ከዚያ ፊትህ ላይ ወይም በሳህን ውስጥ ምታው። መጀመሪያ የሚወጣው ትልልቅ አረፋ አየር ነውና አትመነው። ጥቂት ጠብታ ውሃ እየጨመርክ ስትመታው አረፋው ይደቅና ይከብዳል፤ ገጹ ሲያብረቀርቅና ብሩሹ ሲነሣ ጫፉ ታጥፎ ሲቆም ደርሷል። ብሩሹ አረፋውን ከጸጉሩ ሥር ያደርሰዋል፣ የተኛውንም ጸጉር ያነሣዋል። በጣት ይህን ማድረግ አይቻልም።

መላጫውን በቆዳህ ላይ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለህ ያዝ፤ ምን ጊዜም አትጫነው። ክብደቱ ይበቃል። በባለ አምስቱ መላጫ የለመድከው እጅ መጫን ይወዳል፤ በዚህኛው ከተጫንክ ትደማለህ። አጭር አጭር አድርገህ በጸጉሩ መንገድ ላጭ። አንድ ዙር ብቻ። ቆዳህ ከለመደ በኋላ አረፋ ደግመህ አግድም ማለፍ ትችላለህ። በአንገትህ ላይ በተቃራኒው ፈጽሞ አትሂድ፣ ቆዳህንም ወጥረህ አትላጭ፤ መወጠርም ጫፉን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጨርሰህ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ አልም የሚባለውን የማዕድን ጨው እርጥብ አድርገህ እለፍበት፣ አልኮል የሌለው ቅባት ተቀባ። ምላጩን ከአራት ወይም ከአምስት ጊዜ በኋላ ቀይር። የዶለዶመ ምላጭ ጸጉር ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም።


የቆዳ ነገር፦

የምሠራው በቆዳ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ባለ አንድ ስለት ያብራራው ትክክል ነው፤ የማክልበት አለኝ።

እባጩ አሁን ካለ በላዩ ላይ መላጨት አትጀምር። ጢምህን ለአራት ሳምንት ያህል ተወው። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጸጉር በአብዛኛው ራሱ ይለቃል። ጫፉ ከቆዳው ላይ ቀለበት ሠርቶ ከታየህ በንጹሕ መርፌ ጫፉን ብቻ አውጣው እንጂ ከሥሩ አትንቀለው። የተነቀለ ጸጉር ሲመለስ ያንኑ ችግር ይዞ ይመለሳል። ሥራው ጢም መተውን የሚከለክል ካልሆነ ደግሞ በኤሌክትሪክ መቁረጫ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርቶ መከርከም ከማንኛውም ምላጭ ይልቅ ሰላም ይሰጣል። እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው ይህን ነው። በሥርዓት የተከረከመና የአንገቱ ጠርዝ የተስተካከለ አጭር ጢም ከሙሉ ልብስ ጋር ያምራል።

እባጩ መግል ከያዘ፣ ከጠቆረ ወይም ጠባሳው ከፍ ብሎ እየጠነከረ ከሄደ ወደ ሐኪም ሂድ። ጠባሳ የሚያሳብጥ ቆዳ ያለው ሰው ቶሎ ካልታየ በኋላ ማስተካከሉ ከባድ ነው። የምላጭ ማስቀመጫህን አድርቅ፤ ምላጭና ብሩሽ ደግሞ ከማንም ጋር አትዋስ።


ማለዳ፦

ይህን ሁሉ ስለጻፋችሁልኝ አመሰግናለሁ። ጢሜን ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። እየተዘጋ የሚከፈተው ረጅሙ ምላጭ ከባለ ሁለት ጠርዙ ይሻላል? ጫማውንስ እንዴት ልምረጥ? ስለ እሱ እስካሁን ማንም አልተነፈሰም።


የሶሊንገን ወዳጅ፦

በረጅሙ ምላጭ የምላጭ ሰው ነኝ፤ በጣምም እወደዋለሁ። ለአንተ ግን አሁን አይሆንም።

የእንግሊዙ ሼፊልድና የጀርመኑ ሶሊንገን በዚህ ሥራ ስማቸውን ያተረፉ ከተሞች ናቸው። የጥሩ ምላጭ ጎኖች ወደ ውስጥ ተቦርቡረው ስለሚሳሉ ስለቱ እጅግ ይሳሳል፤ በጸጉር ላይ ሲያልፍ ድምፁ ይሰማል። የአባት ምላጭ ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ያ እንዲሆን ግን ባለቤቱ ይከፍላል። ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት በቆዳ ቀበቶ ላይ በጀርባው በኩል እየሄደ ወዲያና ወዲህ ይወለወላል፤ በስለቱ በኩል ከተገፋ ቀበቶው ይቆረጣል፣ ስለቱም ይበላሻል። በየጥቂት ወሩ በድንጋይ ይሳላል፤ ከሥራ በኋላም ካልደረቀ ይዝጋል። እጅህ ገና ነው፣ አንገትህም ቁስለኛ ነው። ባለ ሁለት ጠርዙ ማዕዘኑንና ክብደቱን ያስተምርሃል። ቆዳህ ከዳነ በኋላ ፍላጎቱ ካለህ ተመለስና እንነጋገራለን።


ፎርማ፦

ጫማ ጠጋኝ ነኝ። ስለ ጫማ እስክትጠይቅ ዝም ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።

ገንዘቡን የት ላውለው ላልከው፣ ልብሱ በልክህ ከተቀመጠ ቀሪውን በጫማው ላይ አውለው። መካከለኛ ልብስ በጥሩ ጫማ ይከበራል፤ ጥሩ ልብስ ግን በተላጠ ጫማ ላይ ሲወድቅ ያሳዝናል።

ሶሉ በምን እንደተያያዘ ጠይቅ። በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ሲያልቅ አልቆ ነው። ለዓመታት የሚኖረው ከላይኛው ቆዳ ዙሪያ ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ተሰፍቶ፣ ሶሉ ደግሞ ከዚያ ጥብጣብ ጋር የሚሰፋው ነው። ጉድይር ዌልት ይባላል፤ ማሽኑ በቻርልስ ጉድይር ልጅ ስም የሚጠራ ሲሆን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ውጤት ነው። የእንግሊዟ ኖርዝሃምፕተን ዛሬም በዚህ አሠራር ትታወቃለች። እኔ ሶል ስቀይር የምፈታው ጥብጣቡንና ሶሉን የሚያያይዘውን ክር ብቻ ነው፤ የላይኛውን ቆዳ አልነካውም። ለዚህ ነው ያ ጫማ ደጋግሞ ሶል የሚቀየርለት። ከእግር በታች የተሞላው ቡሽ ደግሞ ቀስ በቀስ የእግርህን ቅርጽ ይይዛል። መጀመሪያ ቢደርቅብህ አትደንግጥ፤ ጣቶችህን ካጨናነቀህ ግን አትግዛው፤ ይሰፋል የሚልህን ሻጭ አትስማ።

ቆዳውን እንዲህ ፈትሽ። አውራ ጣትህን ጫማው ሲራመድ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቀስ አድርገህ ተጫን። ጥሩ ቆዳ ቀጫጭን መስመሮች ያሳይና ስትለቀው ይመለሳል። ገጹ ተፍቆ በፕላስቲክ ቀለም የተሸፈነው ግን ወይ ምንም አያሳይም፣ ወይ እንደ ወረቀት ይሰበራል። እሱ ሲገዛ ከሁሉ ይበልጥ ያበራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቀለም አይገባውም፣ አይድንም። ለመለካት ከሰዓት በኋላ ሂድ፤ እግር ሲውል ያብጣል።

የመጀመሪያው ጥቁር ኦክስፎርድ ይሁን፤ የማሰሪያው ሁለት ክንፎች ከፊተኛው ቆዳ ሥር ተሰፍተው የሚገጥሙበት ማለት ነው። የእግርህ ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነና ክንፎቹ አልገጥም ካሉ ግን አትጨናነቅ፤ ክንፎቹ ከላይ የተሰፉት ደርቢ ይስማማሃል። በሁለተኛው ጊዜ ቡናማ ጨምር። አንዱን ጫማ ሁለት ቀን አታከታትል፤ የእግር ላብ ከቆዳው ሳይወጣ ቢለበስ ስፌቱ ይበሰብሳል፣ እጥፋቱም ይጠልቃል። ገና ከእግርህ ሙቅ ሳለ ያልተቀባ የእንጨት ፎርማ (የጫማውን ቅርጽ የሚጠብቅ የእግር አምሳያ) አስገባበት። በጫማ ማንኪያ ልበስ፤ ተረከዙን ረግጠህ የምታስገባ ከሆነ ለእኔ ሥራ እያዘጋጀህልኝ ነው።

ቀለም ስትቀባ መጀመሪያ አቧራውን ጥረግ። ክሬሙ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ የጠፋውንም ቀለም ይመልሳል። ሰሙ የሚያበራ ነው። ክሬም በጥቂቱ ቀብተህ አድርቀህ በፈረስ ጸጉር ብሩሽ ወልውለው፤ ሰሙን በአፍንጫውና በተረከዙ ላይ ብቻ። በሚታጠፈው ቦታ ላይ ሰም ከደራረብክ ይሰነጠቃል።


ነጭ ሸሚዝ፦

ፎርማ፣ እጅህን ይባርከው። በኦክስፎርድ ላይ ምንም አልጨምርም። ስለ ሸሚዝ ግን አንድ ቃል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዞች ይሁኑ። ኮሌታው ሲቆለፍ ሁለት ጣት ብቻ ያስገባ። ከኮቱ እጅጌ ሥር አንድ ሴንቲሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ሸሚዝ ይታይ።


ጥላ፦

ለምን ጥቁር ሙሉ ልብስ አይገዛም? ለሐዘንም ለደስታም ይሆናል፣ እድፍ አያሳይም፣ ከሁሉም ከረባት ጋር ይሄዳል። ይህን ያህል ሰው ሰማያዊ ሰማያዊ ሲል ይገርመኛል።


ጠመኔና መቀስ፦

ጥቁር እድፍ ይሸሽጋል፣ አቧራና ብናኝ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳያል። በቀን ብርሃን ፊትን ያጠቁራል፣ ሲያረጅም ወደ ቡናማ ይነጣል። ለማታና ለሐዘን ክብር ያለው ቀለም ነው፤ እዚያው ቢቆይ ደስ ይለኛል። ጥቁር ሰማያዊ ማታ መብራት ሥር ጥቁር ይመስላል፣ ቀን ደግሞ ሕይወት አለው፤ ከጥቁርም ከቡናማም ጫማ ጋር ይስማማል። ኮቱም ለብቻው በግራጫ ሱሪ ሊለበስ ይችላል።

ከረባቱን ካነሣህ ዘንድ፣ ስፋቱ ከኮቱ የደረት እጥፋት ጋር ይመጣጠን፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሁልጊዜ ደህና ነው። ጫፉ ቀበቶው ላይ ይድረስ። በ1920ዎቹ የኒው ዮርኩ ጄሲ ላንግስዶርፍ ከረባትን በጨርቁ ሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ፣ በሦስት ቁራጭ መስፋት ጀመረ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጥና ይመለሳል። ስለዚህ ማታ ቋጠሮውን በመጣህበት መንገድ ፍታው፣ አንጠልጥለው፤ ጠዋት መጨማደዱ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ጠባቡን ጫፍ ጎትቶ መፍታት ግን የውስጡን ክር ይበጥሳል።


ጥላ፦

ቡናማ የነጣ ጥቁር ኮት ቁም ሣጥኔ ውስጥ ስላለኝ ተረትቻለሁ። ልብሱ በስንት ጊዜ ይታጠብ?


ነጭ ሸሚዝ፦

እድፍ ወይም ሽታ ሲኖረው ብቻ። ሱፍ አየር ካገኘ ሽታውን ይለቃል። ማታ ኪሶቹን ባዶ አድርገህ ሰፊ ትከሻ ባለው ማንጠልጠያ ስቀለው፣ ከላይ ወደ ታች በልብስ ብሩሽ ጥረገው፣ ከቁም ሣጥን ውጪ ይደር። ከተጨማደደ የሞቀ ውሃ በሚፈስበት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ይሠራል። በካውያ መተኮስ ግድ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይሁን፤ በቀጥታ የተነካ ሱፍ ያንጸባርቃል። ለረጅም ጊዜ ከማስቀመጥህ በፊት ግን አሳጥበው። ሱፍ የሚበላው የብል እጭ ላብና የምግብ ቅባት ያለበትን ቦታ ይመርጣል።


ማለዳ፦

ዛሬ ወጥቼ ነበር። ትከሻውና ኮሌታው ልክ እንዳላችሁት የተቀመጠ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አገኘሁ። ቆንጥጬ ለየሁት፤ ደረቱ ላይ ሸራ አለው፣ ከታች ሙጫ ነው። የሱሪው ስፌት ትርፍ ጨርቅ አለው። ችግሩ እጅጌው ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይረዝምብኛል፤ የእጅጌው ቁልፎች ደግሞ እውነተኛ ቀዳዳ ያላቸውና የሚከፈቱ ናቸው። ሻጩ ቀላል ነው አለኝ። ልመነው?


ጠመኔና መቀስ፦

ቀላል አይደለም። ቀዳዳዎቹ የተከፈቱ ስለሆኑ ከታች ካጠረ የመጨረሻው ቁልፍ ከጠርዙ ጋር ይጣበቃል። በሦስት ሴንቲሜትር ልዩነት ማሳጠር የሚቻለው እጅጌውን ከትከሻው ነቅሎ ነው፤ ያ ደግሞ የገጠመልህን ትከሻ መንካት ነው። ያንኑ ልክ የእጅጌ ቀዳዳዎቹ ያልተከፈቱበት ካላቸው ጠይቃቸው፤ ሁለቱንም የሚያወጡ አምራቾች አሉ። ካጡ ለአጭር ሰው የተቆረጠ ሞክር፤ ትከሻው አንድ ሆኖ እጅጌው የሚያጥርበት አለ። ተመልሰህ ስትሄድ ለሥራ የምትለብሰውን ሸሚዝ ልበስ፣ ለሥራ የምታደርገውንም ጫማ አድርግ፤ የእጅጌም የሱሪም ርዝመት ያለ እነሱ አይለካም። ቀበቶህን አታጥብቅ፣ ስልክህን ከኪስህ አውጣ፣ ሰፊው ሲለካህ ደረትህን አትንፋ። ሱሪው ጫማው ላይ አንዴ ብቻ ጎበጥ እንዲል ንገረው፤ የሚቆረጠውንም ጨርቅ አትርፎ ወደ ውስጥ እንዲያጥፈው አደራ በለው።